ስለ 7ኛና 8ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ የዓመት መጨረሻ ሥራና ስለ ትምህርታዊ ጉብኝቱ

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣

የዘንድሮው የዓመት መጨረሻ የጽሑፍ ሥራ ከጉብኝቱ ጋር እንዲያያዝ የተስማማነው፣ አምና «የክረምት ዕረፍቴ» በሚል ርእስ ከሰበሰብናቸው ወረቀቶች ብዙዎቹ ከአንድ ደብተር የተገለበጡ ሆነው ስላገኘናቸው መሆኑን ታስታውሳላችሁ፤ የአንዱ ልጅ የፊደል ስህተት እንኳ በዘጠኝ ወረቀት ላይ ተደግሞ ነበር።

የምንሄደው ወደ አምባሰል፣ ይስማ ንጉሥ ነው። ሐይቅ ይሻላል ያላችሁ አላችሁ፤ ለዓይን እውነት ነው፣ ለቋንቋ ትምህርት ግን ይህን ቦታ የሚተካከል አላውቅም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚሁ በይስማ ንጉሥ የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ እንደሚችሉ ሲገልጽ፣ የኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን ጉዳዩን ግዴታ አድርጎ አስቀመጠው፤ ይህም ልዩነት ወደ ዐድዋ ጦርነት ካደረሱት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። «ካን» እና «መስት» የሚሉትን ረዳት ግሦች በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፈን አጥፍተናል! ልጆቹ ልዩነታቸውን እዚያው ቆመው ቢሰሙት ይሻላል።

የ7ኛ ክፍል ተማሪዎች በሁለቱ ግሦች ስምንት የራሳቸውን ዓረፍተ ነገር፣ የ8ኛዎቹ ደግሞ ያዩትን የሚተርክ አንድ ገጽ ይጽፋሉ። ረቂቁ በእርሳስ እዚያው ተጽፎ ከንጹሑ ጋር ካልቀረበ አይታረምም።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናና ዝናቡ ሳይደርሱብን ለመመለስ ጉዞው በግንቦት ውስጥ ይሁን። ምሳ ከየቤቱ ይቋጠራል፤ የመኪና መክፈል የማይችሉትን ልጆች ስም ግን በክፍል ፊት ሳትጠሩ ለእኔ ብቻ አድርሱኝ።