ሊኔያ ማለት ምን ማለት ነው?

ለማልረሳሽ እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ ፊትሽ ሲኮሳተር ይታየኛል። ሰበብ አልደረድርም። ይልቅ ልጅ ወልጃለሁ፤ ሴት ናት፣ ስድስት ወር ሞላት። ስሟ ሊኔያ ነው።

«ምን ማለት ነው?» አልሽ አይደል? እማዬም በስልክ እልልታዋን ሳትጨርስ የጠየቀችኝ ይኼንኑ ነው። ባለቤቴ «የአያቴ ስም ነው፣ አበባ ነው» ብሎ አለፈኝ። እኔ ግን ትርጉሙን ሳላውቅ ልጄን መጥራት አላስቻለኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከዛፍ ነው። እዚህ ያሉት ስዊድኖችም ድሮ እንደኛው በአባት ስም ነበር የሚጠሩት። ኒልስ የሚባል የስሞላንድ ገበሬ ልጅ የኢንገማር ልጅ ስለሆነ «ኢንገማርሶን» ነበር። ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የቤተሰብ ስም ማውጣት ነበረበትና፣ ከዘመዶቹ መሬት ላይ ከቆመው ትልቅ የሊንድ ዛፍ ወስዶ በላቲን ወግ «ሊኔየስ» ተባለ። እሱ ቄስ ሆነ፤ በፈረንጆቹ 1707 የተወለደለት ልጁ ካርል ደግሞ ዕፅዋትን ሁሉ በሁለት ሁለት ቃል የሰየመው ሊቅ ሆነ። ያስተማረውም እኔ ባለሁበት ከተማ በኡፕሳላ ነው።

ካርል በሰሜን ጫካ ሽበት በሚመስል፣ ሞስ በሚሉት መሬት የሚያለብስ ድንክ ተክል መሃል የምትበቅል አበባ ይወድ ነበር። አንድ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፏ ላይ ጎንበስ ያሉ ሁለት ሮዝ ደወሎች፣ በቃ። ሆላንዳዊው ወዳጁ ግሮኖቪየስ በእሱ ስም «ሊኔያ» አላት። ካርልም ዝቅ ያለች፣ ማንም የማያያት፣ ለአጭር ጊዜ የምታብብ፣ እኔን የምትመስል ብሎ ጻፈላት። (ትሕትናው ብዙም አላሳመነኝም፤ ሥዕል ሲሣል ይዟት ነው የቆመው!) ሴቶች ልጆች በእሷ መጠራት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። ከዛፍ ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ አበባ፣ ከአበባ ወደ እኔ ቤት።

አንድ ነገር ግን አንገበገበኝ። ይኼው ሰውዬ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ቡናችንን «አረቢካ» ብሎ ለዓረብ ሰጥቶታል! ለእማዬ ብነግራት ዝም አለችና «በእሱ ስም ነው የልጅ ልጄን የጠራችሁት?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ «ቡኒት» ነው የምትላት። ልጅቷም ለዚህ ስም ፈገግ ትላለች።

በሰኔ አበባዋ ስትፈነዳ ይዣት ጫካ እወርዳለሁ፤ ፎቶ እልክልሻለሁ። እትዬ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ስልክሽስ ያው የድሮው ነው?

ያንቺው ጠፊ