ሞቷል ቢሉሽም ደውዪልኝ

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን እያመማት ነው እንጂ ሌላው ሰላም ነው።

አክስትሽ ሁሉንም ነገረችኝ። እሷን እንዳትቀየሚያት፤ ጨቅጭቄ ያናገርኳት እኔ ነኝ። ፖሊስ ነኝ ያለ ሰው ደወለልሽ። ስምሽ በወንጀል ተነስቷል አለሽ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልክ ሳያዘጋሽ ከሱቅ ሱቅ እያዞረ ጊፍት ካርድ፣ ያንን ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ፣ አስገዛሽ። ለማንም እንዳትናገሪ አለሽ፤ አንቺም አልተናገርሽም። አብራሽ የምትሠራዋ ልጅ ባትደርስ ኖሮ የካርዶቹን ቁጥር ልታነቢለት ነበር። እግዜር ውለታዋን ይክፈላት። ቤትሽ ጠርተሽ ዶሮ ሠርተሽ አብያት።

አልተቆጣሁሽም። ደንግጬ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ስልኩን ዝጊና ደውዪ። ለእኔ ደውዪ፣ ለአክስትሽ ደውዪ፣ ብቻ ለምታውቂው ሰው ደውዪ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕዳውን በጊፍት ካርድ አይቀበልም። ስክሪኑ ላይ የፖሊስ ቁጥር ቢወጣም ቁጥር ይጭበረበራል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ምን ትዝ አለኝ መሰለሽ? ክሪሚናል ማይንድስ። ሆች የሚባለው የኤፍ ቢ አይ አለቃ ከነጓዶቹ ነፍሰ ገዳይ የሚያድንበት የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም። በፍላሽ ያመጣሽው፣ መብራት እየጠበቅን ያየነው። በተለይ ያ መቶኛው ክፍል። እዚያ አሜሪካ የታየው ኖቬምበር 25 ቀን 2009 ነው፤ እኛ ቤት የደረሰው ቆይቶ ነው። ርዕሱም «100» ነበር። ቪዛሽ የመጣ ቀን «አባዬ፣ ሆች አገር ልሄድ ነው» ብለሽ ስትስቂ አሁንም ይታየኛል። እውነትሽን ነው፤ የሆች መሥሪያ ቤት ያለበት ኳንቲኮ ካንቺ አሌክሳንድሪያ፣ ከዚያ ከቨርጂኒያው፣ ብዙ አይርቅም።

ስለዚያ ክፍል ሲነሳ ሰው የሚያወራው ሆች ያንን ፎየት የሚባል ነፍሰ ገዳይ በባዶ እጁ ደብድቦ ስለ መግደሉ ነው። ወንድምሽም ያቺን ብቻ ነበር እየመለሰ የሚያያት። እኔ ግን ከአእምሮዬ ያልወጣው ስልኩ ነው። የሆች የቀድሞ ሚስት ሄይሊና ትንሹ ልጃቸው ጃክ ከፎየት ሸሽተው በማርሻሎች፣ በፌዴራል ፖሊሶች፣ ጥበቃ ተደብቀዋል። ፎየት በር አልሰበረም። ማርሻል ነኝ ብሎ ደወለላት። የልጅሽ አባት ሞቷል አላት። እሷም አመነችው። በገዛ እግሯ፣ ልጇን ይዛ፣ ወደ ድሮ ቤታቸው መጣችለት። ሆች ራሱ ሲደውልላት ነው አለመሞቱን ያወቀችው። ያን ጊዜ ደግሞ ሰውዬው ቤት ውስጥ ነው።

የሰው ጠባይ ከሥራው ተነስተው የሚያነቡ እነዚያ ሁሉ ብልሆች፣ ኮምፒውተሩ፣ መኪናው፣ መሣሪያው፣ አንድ የውሸት ስልክ ቀደማቸው። የመጨረሻውን ንግግራቸውን እያስተረጎምኩሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? መሃል ላይ ዝም አልሽ። አየሁሽ፤ እንባሽ ይወርዳል። «ምን አለችው?» አላልኩሽም። ሆች መኪናውን እየነዳ፣ ስልኩ ጆሮው ላይ፣ ተኩሱን ሲሰማ ለመረዳት እንግሊዝኛ አላስፈለገኝም።

ሕፃኑን ያተረፈችው አንዲት ቃል ናት። ሆች ልጁን «ከእኔ ጋር ሥራ» አለው። ጃክ ገባው። አባቱ ክፍል ያለው ሣጥን ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ገዳዩ አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ ምንም አልገባውም። ስለዚህ እኛም አንድ ነገር ይኑረን። የቤተሰብሽ ሰው ነኝ፣ ወይም ስለ አባትሽ ልነግርሽ ነው የሚል ከደወለ፣ የአያትሽን የላሟን ስም ጠይቂው። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ካላወቀ ስልኩን ዝጊና ደውዪ።

ደግሞስ እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። የሚይዝሽ ሰው አጠገብሽ ይቀመጣል። ብቻዋን ላለች ሴት የልጅሽ አባት ሞተ ብሎ የሚደውል ሰው...

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ። አያትሽ ትዝ አለችኝ።

ትምህርት ላይ ነሽ፣ ፈተናሽን እንዳያበላሽብሽ ብለን ደበቅንሽ። እናትሽ ይነገራት ብላ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ በየእሑዱ ስትደውዪ «ተኝታለች»፣ «ጠበል ሄዳለች» እልሽ ነበር። አንድ ቀን «ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርግልኝ፣ ድምፄን ትስማ» አልሽኝ። «ነገ» አልኩሽ። ስልኩን ዘግቼ ከጓሮ ሄጄ አለቀስኩ። አርባዋ ካለፈ ቆይቶ ነበር። በመጨረሻ እዚያ ያሉት ሰዎቻችን በማለዳ መጥተው አረዱሽ፤ ወጉ ደረሰ ብዬ እኔም ተነፈስኩ። አንቺ ግን ለቅሶሽን ጨርሰሽ ስትደውዪ የነገርሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «አባዬ፣ ጠበል ሄደች ስትለኝ ድምፅህ እኮ ምንም አልተለወጠም።»

እስካሁን መልስ አላገኘሁለትም። ስለ ስልክ ድምፅ ስመክርሽ ይኸው ነው አፌን የሚይዘኝ። ይቅር በይኝ ልጄ። ያኔም ማለት ነበረብኝ።

የእናትሽን የጉልበት ቅባት ሰው ሲመጣ ላኪላት። ፓስፖርትሽን ፎቶ አንስተሽ ለአክስትሽ ላኪ፤ ለሌላ ለማንም አትላኪ። የባንክ የሚስጥር ቁጥርሽን ዛሬውኑ ቀይሪ። የገዛሻቸውን ካርዶች ደረሰኛቸውን ይዘሽ የሸጠልሽን ሱቅ ጠይቂ። ማታ ከሥራ ስትወጪ ብቻሽን አትሂጂ። የምትፈሪው ስልክ ከመጣ ሰዓቱን አታስቢ፤ እኛ ጋ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ዝጊና ደውዪ።

አሁን ከላይ የጻፍኩትን ላርመው። ደህና ነን አልኩሽ፤ እጄ ለምዶት ነው። ሁለት ወር ሆነኝ፣ ሽንት እየከለከለኝ ነው። ሐኪሙ ፕሮስቴት ነው ብሎ ናሙና ወስዷል። ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። እናትሽ ታውቃለች። ወንድምሽም ያውቃል። አንቺ ብቻ ነበርሽ የቀረሽው።

ውጤቱ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጥሩም ቢሆን፣ ክፉም ቢሆን፣ ከሐኪሙ ክፍል እንደወጣሁ ራሴ እደውልልሻለሁ። አንቺ ጋ ሌሊት ይሆናል። ስልክሽን አታጥፊው።

አባትሽ