መላ ላላችሁኝ ሁሉ

ይድረስ ለሸዋበር ጎረቤቶቼ፣ ለሥራ ባልደረቦቼና ሐረጎ ላይ ተሸክማችሁኝ ስማችሁን እንኳ ላልጠየቅኋችሁ ሰዎች።

ጥቅምት ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ የሐረጎ ዳገት ላይ ተገለበጠ። ሁላችንም ተረፍን። የኔ ቀኝ ጭን ግን ተሰበረ። ሹፌሩ ከዚያ ወዲህ ደውሎልኝ አያውቅም። ይሁን። በጋቢ ቃሬዛ ሠርታችሁ አስፋልት ድረስ ያወጣችሁኝ አራት ገበሬዎች፣ ቀላል ሰው አይደለሁም፤ ወገባችሁን ፈጣሪ ይጠብቅላችሁ።

ብረት ያስገቡልኝን ሐኪሞችና ሌሊቱን ሙሉ ስጨቀጭቃቸው ያልሰለቹኝን ነርሶች አመሰግናለሁ። «ወጌሻ ይየው» ያላችሁ ዘመዶቼም፣ ስላልሰማኋችሁ አትቀየሙኝ።

ከባዱ ግን ቤት ከገባሁ በኋላ የመጣው ሦስት ወር ነበር። ቀን ሰው አይጠፋም። አንዱ «እግዜር ይማርህ»፣ አንዱ «አላህ ያሽርህ» እያለ ይገባል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል። ሌሊቱ ነው የማይነጋው። ይኼን ያወቁት ሬዲዮ ጠጋኙ ጎረቤታችን የአባቴን አሮጌ ቴፕ ወስደው ጠግነው መለሱት። ከቤታቸውም አንድ ካሴት ጨመሩልኝ። ክሩ ተጎትቶ ወጥቶ ነበር፤ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው በእስክሪብቶ እያዞሩ ጠቀለሉት።

ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተጫወተው «ኧረ መላ መላ» ነበር። አይቤክሶች ራስ ሆቴል ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በ1975 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ። እኔ ያን ጊዜ አልተወለድኩም። የፍቅር ዘፈን መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጭኑ የሚጠዘጥዘው ሰው «መላ» ሲባል ሲሰማ ፍቅር ትዝ አይለውም። ማህሙድ ስለኔ እግር አቤት የሚልልኝ ይመስለኝ ነበር። አልቅሼበታለሁ፤ ምን አፍራለሁ።

ፊዚዮቴራፒስቷ እግርህን በቀን 30 ጊዜ አንሣ ብላኛለች። ስቆጥር ሰባት ላይ እተወዋለሁ። ከአይቤክሱ ጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ጊታር ጋር ሳነሣና ሳወርድ ግን መቁጠሩን እረሳዋለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ ስንት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ትራሴ ግን በላብ ርሷል።

እናቴ መጀመሪያ «ይኼ ጩኸት» ትል ነበር። የአይቤክስ ልጆች ኋላ ሮሃ ባንድ መባላቸውን ስነግራት ፊቷ ፈታ አለ። «ሮሃማ የኛው ላሊበላ አይደል እንዴ?» ከዚያ በኋላ ድምፁን ቀንስ ያለኝ የለም። የሷ ምርጫ ግን ያው የማሪቱ ለገሰ አምባሰል ነው። እሱ ሲከፈት ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ ስኒያቸውን አፋቸው አጠገብ እንደያዙ ዘፈኑ አለቀ፤ ቡናው ቀዘቀዘ። እኔም ሞክሬዋለሁ፣ በአምባሰል እግር አይነሣም። ሰው ዝም ብሎ ይተኛና ጣራ ያያል።

እማዬ፣ ስንት ሌሊት ወንበር ላይ እንዳደርሽ አልረሳም። ገንፎውንም።

ባለፈው ቅዳሜ በክራንች ብቻዬን ፒያሳ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለት ቦታ አርፌያለሁ።

ጋሼ፣ ቴፑ አሁንም ይሠራል። ካሴቱን ግን እንዳይጠይቁኝ። ገና የስድስት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ይቀረኛል።