ያለ እኔ ለአደን ለምትወጪው ልጄ

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ ደህና ነን። በሚመጣው ሳምንት ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር፣ ያለ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአደን እንደምትወጪና መንገዱንም በስልክሽ የካርታ መተግበሪያ እንደምትመሪ ስትነግሪኝ ዝም ያልኩት ከፍቶኝ አይደለም። ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር በስልክ ጨዋታ የሚያልቅ ስላልመሰለኝ ነው፤ ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት።

በመጀመሪያ ለእናትሽም አሳጥሬ ያወራሁላትን አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመታሁት እንስሳ ወዲያው ሳይወድቅ ቀረና የደሙን ጠብታ እየተከተልኩ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ገባሁ። የደም ዱካ የሚከተል ሰው ዓይኑ ከመሬት አይነሳም፤ በየትኛው ሸንተረር በኩል እንደዞረ፣ ጅረቱን አንዴ ይሁን ሁለቴ እንደተሻገረ ልብ አይልም። እንስሳውን አግኝቼ ቀና ስል ጨልሟል። ስልኬን ስከፍት ሰማያዊዋ ነጥብ ብቅ አለች፤ በዙሪያዋ ግን ወንዝም ዳገትም መንገድም አልነበረም፣ ግራጫ ባዶ ብቻ ነው። ጠዋት ቤት ሆኜ ያንን አካባቢ በጣቴ እያገላበጥኩ አይቼው ስለነበር ካርታው ስልኬ ውስጥ የቀረ መስሎኝ ነበር። መኪናዬን ያቆምኩበትንም ቦታ ምልክት አላደረግኩበትም። የቆምኩበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት አውቀዋለሁ፤ ያ ቦታ ከሌላው ዓለም በየት በኩል እንደሆነ ግን አላውቅም። ዛፍ ሥር ተቀምጬ አነጋሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እየዞሩ የት እንዳሉና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ፤ ስልክሽ የሚያደርገው ማዳመጥ ብቻ ሲሆን፣ ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲደርሰው ያለበትን ቦታ አስልቶ ያወጣል። ለዚህ ሥራ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ካርታው ግን ከኢንተርኔት የሚመጣ ሥዕል ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ነጥቧ ትመጣለች፣ ሥዕሉ ይቀራል። ስለዚህ አካባቢውን ቤት ሳለሽ አውርጂው። ካወረድሽ በኋላም አትመኚው፤ ስልኩን በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊ፣ መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግተሽ እንደገና ክፈቺ፣ ከዚያም የምትሄጂበትን ቦታ እያጎላሽ ትንንሾቹ ጅረቶች ጭምር ይታዩ እንደሆነ እዪ። ካልታዩ አልወረደም ማለት ነው።

የምታወርጂው ካርታ ለመኪና ነጂ የተሠራ የመንገድ ካርታ መሆን የለበትም። የከፍታ መስመር ያለው ይሁን፤ መስመሮቹ ተጠጋግተው የተደራረቡበት ቦታ ገደል ወይም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፣ የተራራቁበት ደግሞ ለጥ ያለ መሬት። መተግበሪያው «መኪናሽ 800 ሜትር ላይ ነው» ሲልሽ የሚነግርሽ አሞራ የሚበርበትን ርቀት ነው። በመካከሉ ሸለቆ ካለ ያ 800 ሜትር የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል፤ በጨለማ ደግሞ ጨርሶ ላይታለፍ ይችላል። የመሬት ይዞታ ወሰን የሚያሳዩ፣ ለአዳኞች ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎችም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የተጀመረው ኦንኤክስ አንዱ ነው። ጠቃሚዎች ናቸው፤ ሆኖም በስክሪኑ ላይ የተሰመረው ወሰን ከመሬት መዝገብ የተቀዳ በመሆኑ ከእውነተኛው አጥር ጋር ላይገጥም ይችላል፣ የስልክሽም ስሕተት በዚያ ላይ ይጨመራል። ወሰኑን ታክከሽ አትቁሚ።

የስልኩ ስሕተት ስንት ነው ብትዪኝ፣ ሰማዩ ገላጣ ሲሆን 5 ሜትር ያህል ነው። (እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ አሜሪካኖች ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር ስሕተቱ 100 ሜትር ይደርስ ነበር፤ የኔ ዘመን አዳኞች መሣሪያውን በጥርጣሬ የምናየው ያለ ምክንያት አይደለም።) ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ ሥርና በገደል ግርጌ ግን ምልክቱ ይዳከማል፣ ከዓለቱም እየነጠረ ስልኩን ያሳስተዋል። በነጥቧ ዙሪያ ያለው ክብ ሲሰፋ ስልኩ ራሱ «እርግጠኛ አይደለሁም» እያለሽ ነው። እንዲሁም ኔትወርክ በሌለበት ስልክሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትከፍቺው የሳተላይቶቹን መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ ማዳመጥ ስላለበት ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። ይህን ማዳመጥ ከመኪናው ሳትርቂ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆመሽ አስጨርሺው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እኔ ያን ሌሊት የጠፋሁት ጨለማው ውስጥ አልነበረም፤ ተኩሼ ወዲያው በተነሳሁባት ደቂቃ ነበር። የተኮስሽበት ቦታና እንስሳው የቆመበት ቦታ ከሩቅ ሲታዩ ግልጽ ናቸው፤ ተሻግረሽ ስትደርሺ ግን ያ ለይተሽ ያየሽው ቁጥቋጦ እሱን ከሚመስሉ ሃያ ቁጥቋጦዎች አንዱ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ስለዚህ ከተኮስሽ በኋላ ከመነሳትሽ በፊት የተቀመጥሽበትን ቦታ በስልክሽ ላይ ምልክት አድርጊ፣ እንስሳው በነበረበት አቅጣጫ የሚታየውን ረዥም ዛፍ ወይም ዓለት ፎቶ አንሺ። የመጀመሪያውን ደም ስታገኚ ሌላ ምልክት፣ ከዚያም በየጥቂት እርምጃው አንድ ምልክት አኑሪ። ደሙ ሲጠፋብሽ የመጨረሻው ጠብታ ካለበት አትራቂ፤ ስልኩን አውጥተሽ ነጥቦቹን እንደ መስመር እዪአቸው። የቆሰለ እንስሳ ብዙ ጊዜ ወደ ቁልቁለትና ወደ ውሃ ያዘነብላል ይባላል፤ እኔ ግን ከአባባሉ ይልቅ ነጥቦቹ የሚያሳዩትን አቅጣጫ አምናለሁ፣ ፍለጋዬንም ከዚያ እጀምራለሁ። መተግበሪያው ይህን ያህል ሲያገለግለኝ ያየሁበት ሌላ ጊዜ የለም።

የሄድሽበትን መንገድ እንዲመዘግብልሽ ስታዢው፣ ስክሪኑ ሲጠፋም እንዲሠራ መፈቀዱን አረጋግጪ፤ ባትሪ ቆጣቢው ከጀርባ ዘግቶት መንገዱ ግማሽ ላይ የተቋረጠባቸው ብዙ ናቸው። ባትሪውን በዋናነት የሚበላው የበራ ስክሪንና የሌለ ኔትወርክ የሚፈልግ ስልክ ነው፤ በአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገሽ ኪስሽ ውስጥ ካቆየሽው ቀኑን ይውላል። ብርድ ሲሆን ከደረት ኪስሽ አታውጪው፣ ፓወር ባንክም ያዢ።

የስልክሽ ኮምፓስ ማግኔት የሚያነብ ነውና የጠመንጃሽ አፈሙዝ አጠገብ ወይም ማግኔት ባለው ሽፋን ውስጥ ሆኖ ይዋሻል። ስትጠራጠሪ ሠላሳ አርባ እርምጃ ቀጥ ብለሽ ሂጂና ነጥቧ ወዴት እንደተንቀሳቀሰች እዪ። የወረቀት ካርታና ያ አሮጌ ኮምፓሴን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ይከብዱኛል ብለሽ ቤት እንዳትተዪአቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ግን አለ። ሦስታችሁም ያላችሁበትን ቦታ እርስ በርስ እንድታዩ መተግበሪያውን አስተካክለናል ብለሽኛል። ነጥቦቹ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፉት በኔትወርክ ነው፤ ኔትወርክ ሲቋረጥ የጓደኛሽ ነጥብ መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ደርቆ ይቀራል፣ እሱ ግን እየተራመደ ነው። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነበረበትን ቦታ እያየሽ «በዚህ በኩል ማንም የለም» ብለሽ እንዳትተኩሺ። ከዒላማሽ ጀርባ ሰው አለመኖሩን ዓይንሽ ካላየ ጣትሽ ምላጩን አይንካ። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ አውሬው ያለበትን ለሌላ አዳኝ በዚያው ሰዓት በስልክ መጠቆም ሕግ ይከለክላል፤ የምትሄዱበትን አካባቢ ደንብ አስቀድመሽ አንብቢ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ከመኪናው ከመራቃችሁ በፊት፣ ኔትወርክ ካለበት የመጨረሻ ቦታ ሆነሽ፣ መኪናውን የምታቆሙበትን ኬክሮስና ኬንትሮስ እንዲሁም የምትመለሱበትን ሰዓት ላኪልኝ። ቁጥሩን በነጥብ ጻፊው፣ ከነጥቡ በኋላም አራት አኃዝ ይኑረው፤ አራተኛው አኃዝ 11 ሜትር ያህል ነውና ይበቃኛል። በዲግሪና በደቂቃ የተጻፈውን ከዚህ ጋር አታደባልቂው፤ 30.5 ዲግሪ ማለት 30 ዲግሪ ከ30 ደቂቃ እንጂ 30 ዲግሪ ከ50 ደቂቃ አይደለም፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በኬክሮስ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ፈላጊዎችን ወደ ሌላ ሸለቆ እንዳልልክ። ካልሽው ሰዓት አንድ ሰዓት አልፎ ካልደወልሽ ተነስቼ እመጣለሁ፤ መኪናው ጋር ስትደርሺ ቦርሳሽን ሳታወርጂ ደውዪልኝ።

የሚወድሽ አባትሽ