ስለ ካውቦይ ሲጻፍ ሒሳቡም ይነገር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ስለ አሜሪካ ከብት አርቢዎች ሲወራ ሽጉጡና ፈረሱ ይበዛል፣ ንግዱ ይዘለላል። የቴክሳሱን ከብት አርቢ ቻርልስ ጉድናይትን እንውሰድ። በ1866 እ.ኤ.አ. ከሸሪኩ ከኦሊቨር ላቪንግ ጋር 2,000 ያህል ከብት ኒው ሜክሲኮ ወዳለው የጦር ሰፈር ወደ ፎርት ሰምነር ሲነዳ ከፔኮስ ወንዝ በፊት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ አልነበረም። ሦስት ቀንና ሌሊት ያለ እረፍት ተነዳ። የተጠማ መንጋ ውሃ ከሸተተው ደግሞ ማን ይመልሰዋል! የኋላው የፊቱን እየገፋ ወንዙ ውስጥ ከተተው፤ ብዙ ከብት አለቀ። መንገድ ላይ የተወለደ ጥጃ እግሩ ስለማያደርሰው ጠዋት ጠዋት ይገደል ነበር።

የፎርት ሰምነሩ ጦር ሰንጋውን በቁሙ፣ ፓውንዱን (ግማሽ ኪሎ ገደማ) በ8 የአሜሪካ ሳንቲም ገዛ። ላምና ጥጃ ግን አልፈልግም አለ፤ እነሱን ላቪንግ ወደ ኮሎራዶ ነዳቸው።

ከሁሉ የሚገርመው ጉድናይት በ1877 ከባለሀብቱ ጆን አዴር ጋር የገባው የከብት እርባታ ውል ነው። ገንዘቡ የአዴር፣ ወለዱ 10 በመቶ፣ የጉድናይት ደመወዝ በዓመት 2,500 ዶላር። አምስት ዓመት ሲሞላ ዋናውና ወለዱ ተመልሶ ከተረፈው ሲሶው የጉድናይት። የእኛን የሲሶ እርሻ ይመስላል፤ ልዩነቱ በጉድናይት ውል ዕዳ ይቀድማል፣ መንጋው ካለቀ ሲሶው ባዶ ነው።