ስለ ቅዳሜው የሥዕል ጉብኝት፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ሰሞኑን በስልክም በቴሌግራምም ብዙ ሰማን። ሲጠቃለል «ቦታ ቀንሳችሁ ዋጋ ጨመራችሁ» ነው። አብዛኞቻችሁ በጨዋ ደንብ ነው የጠየቃችሁን። «ሌቦች» ብሎ የጻፈም አለ። እሱን እንለፈው። (እውነቱን ለመናገር እኔ አላለፍኩትም፣ እንቅልፍ ነስቶኛል።) ፕሮግራማችሁ ለተበላሸባችሁ ሁሉ ይቅርታ። አሁን ደግሞ የእኔንም ስሙኝ።

እስካሁን በአንድ ቅዳሜ አምስት ቦታ እንዞር ነበር። ብሔራዊ ሙዚየም፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በድሮው ቤተ መንግሥት ያለው ሙዚየም፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም፣ ቦሌ አንድ ጋለሪ፣ መጨረሻ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ብሔራዊ ሙዚየም ስንገባ ሁሉም ምድር ቤት ድንቅነሽ ጋ ይቆማል። ላይኛው ፎቅ ያሉትን ሥዕሎች በሩጫ ነው የምናያቸው። ቤተ መንግሥቱም ውስጥ ወረፋው የጃንሆይ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ጋ ነው። እዚያው ያሉት፣ በእንጨት ላይ የተሣሉት የጥንት ሥዕሎች ጋ ሲደረስ «ኧረ ረፈደ» ይባላል።

ገብረ ክርስቶስ ጋ ስንደርስማ እግር ዝሏል። ሐረር ተወልዶ፣ ጀርመን ተምሮ፣ በ1973 ዓ.ም. አሜሪካ በስደት ያረፈ ሠዓሊ ነው። ጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹ ስንት ተለፍቶ ነው አገራቸው የገቡት። እሱን በ20 ደቂቃ? ዞማ ደግሞ ሁልጊዜ ሊዘጋ ሲል ነበር የምንደርሰው። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ዓመታት የደከሙበት የጭቃ ግድግዳ በእጅ ተዳሶ የሚጠገብ ነገር ነው። እኛ በሩ ላይ ፎቶ ተነስተን እንመለስ ነበር።

ስለዚህ ለሁለት ከፈልነው። አንዱ ቅዳሜ የስድስት ኪሎ አካባቢ ሦስቱ ሙዚየሞች፣ ቀጣዩ ቅዳሜ ቦሌና መካኒሳ። አፍሪካ አዳራሽ ያለውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ለምን አትጨምሩም ላላችሁ፣ ቦታው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ነው፤ እንደ ሱቅ ዘው ተብሎ አይገባም።

ወደ ዋጋው ልምጣ። «በእግራችን እየሄድን የምን ናፍጣ ነው?» ያሉም አሉ። ልክ ነው፣ ስድስት ኪሎ ላይ ሦስቱም በእግር ይደረሳሉ። መኪናው ግን መስቀል አደባባይ መጥቶ ያነሳችኋል፣ ቆሞ ይጠብቃችኋል፣ ይመልሳችኋል። ሾፌሩም ልጆች አሉት። የድሮውን ዋጋ 1,200 ብር ያልነው ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከመጀመሩ፣ ከሐምሌ 2016 በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ጎማ ስንት እንደገባ፣ ናፍጣ ስንቴ እንደጨመረ እኔ አልነግራችሁም። አስጎብኚዎቻችን ከአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የወጡ ሠዓሊዎች ናቸው። ቀለማቸው ከውጭ የሚመጣ ነው፣ የቤት ኪራያቸውም አልቆመም። እነሱን በድሮው ደሞዝ ማሠራት ነውር ነው። 1,800 የሆነው በዚህ ነው። ከአሜሪካ ሆነው የተቆጡን ደንበኞቻችን ደግሞ እስቲ በዶላር ያስሉት፤ እንዲያውም ቀንሷል።

እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። በአንድ አሮጌ ሃይሩፍ ሥዕል ከስቱዲዮ ወደ ኤግዚቢሽን የማመላልስ ሾፌር ነበርኩ። ሥዕል ማየት የለመድኩት ስጭንና ሳወርድ ነው። አንዳንዱ ሠዓሊ ሳልጭነው በፊት ቆሜ እንዳየው ያስገድደኝ ነበር። ይህን ሥራ የጀመርኩትም ሌላ ሰው እንደዚያ ቆሞ እንዲያይ ብዬ ነው። ለሀብት ቢሆን ኖሮ መኪናዋን ለሠርግ አከራያት ነበር።

በኮሮና ጊዜ ሁሉም ሲዘጋ፣ ከፍላችሁ «ገንዘቡ እናንተ ጋ ይቆይ» ያላችሁን አልረሳሁም። ያን ጊዜ ያቆማችሁን እናንተ ናችሁ። ቅሬታው ከእናንተ ሲመጣ የሚያመኝም ለዚህ ነው። አንድ ቅዳሜ ብቻ በአዲሱ መንገድ ሞክሩን። ካልተመቻችሁ ፊት ለፊት ንገሩኝ፣ ገንዘባችሁን እዚያው እመልስላችኋለሁ።

በድሮው ዋጋ ከፍላችሁ ያልተጓዛችሁ ሁለቱንም ቅዳሜዎች ያለ ጭማሪ ትሄዳላችሁ። ተማሪዎች መታወቂያ ካሳያችሁ የምትከፍሉት ግማሽ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ተራው የስድስት ኪሎ ነው። መነሻ መስቀል አደባባይ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት