ትእምርትና ስሜት በሁለት ፖርትሬቶች፦ የሥነ ጥበብ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የሥነ ጥበብ ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን ለሁለት ሥዕሎች ሰጥቶ ከረመ። ሁለቱም ፖርትሬቶች፣ ማለትም የአንድን ሰው መልክ የሚያሳዩ ሥዕሎች፣ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ቀን፣ የካቲት 5 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የፖርትሬት ጋለሪ ለሕዝብ ተገለጡ። አንደኛው ኬሂንዴ ዋይሊ የሣለው የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የባራክ ኦባማ፣ ሌላው ኤሚ ሼራልድ የሣለችው የባለቤታቸው የሚሼል ኦባማ ምስል ነው። የመረጥኳቸው በተሣሉት ሰዎች ዝና አይደለም። የመጀመሪያው ትእምርቱን፣ ማለትም ሌላ ትርጉም ወክሎ የቆመውን ነገር፣ በግልጽ ያሳያል፣ ሁለተኛው ግን ይሸሽጋል፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ የሌላውን አሠራር ይገልጣል።

በዋይሊ ሥዕል ጀመርን። ደንባችን ቀላል ነበር፦ ስለ ትርጉም ከመነጋገራችን በፊት የሚታየውን ብቻ እንናገራለን። ተማሪዎቹ ዘረዘሩ። ሰውየው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ክንዶቻቸውን አጣምረው ጉልበታቸው ላይ አሳርፈዋል፤ ወደፊት ዘንበል ብለዋል። ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራባት የለም። ባንዲራ የለም፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ የለም፣ የቢሮ ጠረጴዛ የለም። ከኋላቸው ያለው ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ አበቦች እዚህም እዚያም ጣል ጣል ብለውበታል። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተከራከረም። ከዚያ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ «ወንበሩ ምን ላይ ነው የቆመው?» ብሎ ጠየቀ። መሬት የለም! ቅጠሉ ከግድግዳው ወርዶ በእግራቸው ሥር ሁሉ ሞልቷል። «ሊውጣቸው ነው» አለ ልጁ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ደግሞ «ኧረ እሳቸው ናቸው ከውስጡ የወጡት» አለች። ክርክሩ እስከሚቀጥለው ሳምንት ዘለቀ፤ እኔም ሆን ብዬ አልዳኘሁም።

ስለ አበቦቹ የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። ክሪሳንተመም የቺካጎ ከተማ አበባ ነው፤ ኦባማ የፖለቲካ ሕይወታቸውን የጀመሩት፣ ከባለቤታቸውም ጋር የተገናኙት እዚያ ነው። ጃስሚኑ የተወለዱበትን ሃዋይን ያመለክታል። ሰማያዊው የአፍሪካ ሊሊ የአባታቸው አገር የኬንያ ነው። ሠዓሊው ራሱ ሥዕሉ በተገለጠበት ዕለት ይህንን አስረድቷል፤ ከፊት በተቀመጠው ሰውና ከእግሩ ሥር ራሳቸውን ሊያሳዩ በሚታገሉት ዕፅዋት መካከል ፉክክር እንዳለም ተናግሯል። የመድረኩ ባለቤት ማን ይሁን? ታሪኩ ወይስ ታሪኩን የኖረው ሰው? ይህን ስነግራቸው ሁለቱ ተከራካሪዎች እርስ በርስ የተያዩት አስተያየት የዓመቱ ትልቁ ደስታዬ ነበር። ሠዓሊው በቃል ያስረዳውን ነገር እነሱ ማንም ሳይነግራቸው በዓይናቸው ብቻ ደርሰውበት ነበር።

የአበቦቹ ቁልፍ ከተገኘ በኋላ ግን ሌላ ፈተና መጣ። ተማሪዎች ትእምርትን እንደ መዝገበ ቃላት ማየት ጀመሩ፤ ይህ አበባ ይህን ማለት ነው፣ ያ ቀለም ያንን ማለት ነው። ስለዚህ ክሪሳንተመምን ብቻ ይዘን አንድ ክፍለ ጊዜ ቆየን። በፈረንሳይ ሰዎች ለሙታን መታሰቢያ መቃብር ላይ የሚያኖሩት አበባ ነው፤ በጃፓን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ ዓርማ ነው። አበባው ያው ነው። እዚህ ሸራ ላይ ቺካጎን የሚናገረው በዚህ ሰው ሕይወት ዙሪያ ስለበቀለ ነው። ትእምርት ከባለቤቱ ሕይወት ሲነጠል ጌጥ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን በጥብቅ አምናለሁ፣ ዓመቱን ሙሉም ደጋግሜ ተናግሬዋለሁ።

የሼራልድ ሥዕል ላይ ስንደርስ የመጀመሪያው ምላሽ ቅሬታ ነበር። «ቲቸር፣ አይመስሉም!» አሉ። ሥዕሉ በተገለጠ ሰሞንም ብዙ ተመልካቾች ተመሳሳይ ቅሬታ አሰምተው ነበር። የሚሼል ኦባማ ቆዳ የተሣለው በግራጫ ነው፤ ዳራው (ከኋላቸው ያለው ቦታ) ባዶ፣ ፈካ ያለ ሰማያዊ ነው። አገጫቸውን በእጃቸው ጀርባ ደግፈው ተመልካቹን በቀጥታ ያያሉ። የሸራውን ታችኛ ክፍል የያዘው እንደ ተራራ የተዘረጋ ነጭ ቀሚስ ነው፤ ጥቁር፣ ቀይ፣ ሮዝና ቢጫ ቅርጾች አሉበት። ሼራልድ ሰዎችን ስትሥል ቆዳቸውን ሁልጊዜ በግራጫ ትሠራለች፤ ተመልካቹ ከቆዳ ቀለም አልፎ ሰውየውን እንዲያይ ትፈልጋለች። በቀሚሱ ቅርጾች ውስጥ ደግሞ አላባማ ውስጥ ጊስ ቤንድ በተባለች መንደር የሚኖሩ ጥቁር ሴቶች ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሠሯቸው ብርድ ልብሶች ታይተዋታል። የእነዚያ ሴቶች ቅድመ አያቶች በባርነት ውስጥ የኖሩ ነበሩ።

እዚህ ጋ አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የተናገረችውን ልጻፍ። «ፊታቸው ቀለም የለውም፣ ቀሚሱ ግን አለው። የራሳቸውን ነገር ደብቀው የሌሎቹን ሴቶች ነገር ተሸክመዋል» አለች። ሠዓሊዋ እንዲህ ማለቷ ይሁን አይሁን አላስጨነቀኝም። ንባቡ ከሥዕሉ ላይ ማስረጃ አለው፤ በክበባችን ደግሞ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ሥዕሉ በተገለጠበት ዓመት አንዲት ሕፃን ጋለሪው ውስጥ በዚህ ሥዕል ፊት አፏን ከፍታ ቆማ የተነሳችው ፎቶግራፍ ዓለምን መዞሩንም አሳየኋቸው። ሕፃኗ ስለ ብርድ ልብሶቹ ታሪክ ምንም አታውቅም። ግዙፍነቱ፣ ጸጥታውና ቀጥ ያለው እይታ ግን ደርሷታል። ስሜት ዕውቀትን አይጠብቅም፤ ዕውቀት ሲመጣ ግን ስሜቱን ጥልቅ ያደርገዋል።

ግራጫውን በእጃችንም ሞከርነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ ሲደባለቁ የሚወጣው ግራጫ ፊት ላይ ሲቀባ የቀዘቀዘ፣ ሕይወት የራቀው ይሆናል። ጥቂት ቢጫ ሲገባበት ይሞቃል፤ ሰማያዊ ዳራ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል። ይህን ያገኙት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ ከዚያ ቀን በኋላ «አይመስሉም» የሚል አልሰማሁም።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት እያንዳንዱ አባል የሚያውቀውን አንድ ሰው ሣለ። በሥዕሉ ውስጥ የሚገባው ነገር ሁሉ ከዚያ ሰው ሕይወት የመጣ መሆን ነበረበት። ርግብ ለሰላም፣ የተበጠሰ ሰንሰለት ለነጻነት፣ ቀይ ልብ ለፍቅር አይፈቀድም ነበር። መጀመሪያ ብዙ አጉረመረሙ፣ ኋላ ግን ሥራው ያዛቸው። አንዷ ሌሊት የሚሠራ አባቷን ጠዋት ተኝቶ ሣለችው፤ የመስኮቱ ቢጫ ብርሃን ክፍሉን ሞልቶ የአባቷ ፊት ብቻ ጥላ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ እናቱን በስፌት መኪና አጠገብ ሣላት፤ ክሩ ከመኪናው ወጥቶ፣ ትከሻዋን ዞሮ፣ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ ብጠይቀው «ገና አልወሰንኩም» አለኝ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ሥዕል ነው። አንዳንዶቹ ሥራዎች ዕቃ በዝቶባቸው ሰውየው ጠፍቷል፤ ይህን ለሠሪዎቹ ነግሬያቸዋለሁ፣ ሁለቱ እንደ አዲስ ሠርተው አምጥተዋል።

ሥራዎቹ በዓመቱ መጨረሻ በቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ለዐውደ ርዕይ ቀርበዋል። ከሥዕሎቹ ሥር ማብራሪያ አልለጠፍንም፤ የጠየቀ ሁሉ ከሠሪው አፍ ሰምቷል። ቀለምና ሸራ በማሟላት የረዱንን ወላጆች ከልብ እናመሰግናለን።

በመጨረሻው ስብሰባችን አንድ ተማሪ፣ ፊትም አበባም የሌለበት ሥዕል ስሜትን ከየት ያመጣል ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው የመጪው ዓመት ሥራችን ሆኗል። በአዲስ አበባ በ1970 እ.ኤ.አ. የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ በ2012 እ.ኤ.አ. በሠራችው «ሞጋማ» እንጀምራለን። ባለ አራት ክፍል ረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም የሚታወቅ ነገርን አስመስሎ የማያሳይ ሥዕል፣ ነው፤ ስሙን ያገኘው በካይሮ ታህሪር አደባባይ ላይ ከቆመው፣ ቀድሞ የመንግሥት ቢሮዎች ከነበሩበት ሕንፃ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት በሥዕል ክፍል ይሆናል። አዲስ አባላት እርሳስና ወረቀት ይዘው ቢመጡ በቂ ነው።